እማዬ በመጋቢት ወድቃ በግንቦት አለፈች

እማዬ የአሜሪካ ዜጋ የሆነች ዕለት ቤታችን በሰው ተሞላ። እ.ኤ.አ. 2024 ነው፣ የሐምሌ ሙቀት። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አፓርታማችን ወንበር አልበቃ ብሎ ሕፃናቱ መሬት ተቀመጡ። ድፎው ተቆርሷል። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር ነው ያ ወሬ የተነሣው።

ያነሡት ጋሼ የምንላቸው የቤተሰባችን ወዳጅ ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ሬዲዮ ሲያዳምጡ የኖሩ፣ ፖለቲካ ከሥር ከሥር የሚከታተሉ ሰው ናቸው። «እኛ ተፈትነን ነው ዜጋ የሆንነው» አሉ። «እዚህ የተወለደውን ግን ማን ይፈትነዋል? ሴናተርህ ማነው ብትይው አያውቅም። እኔን ቢጠይቁኝ፣ መራጭ ሁሉ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይፈተን። ያለፈ ይምረጥ። የወደቀ አጥንቶ ይምጣ።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አልኩ። ለጨዋታ ያህል አልነበረም። ከልቤ ነው።

እማዬ ረከቦቱ ጋ ተቀምጣ ስኒ ታለቀልቅ ነበር። ቀና አለች። «እኔ በመጋቢት ወድቄ በግንቦት አለፍኩ» አለች። «በመሃል ምን ተለወጠብኝ?»

ማንም አልመለሰላትም። አንዱ ሌላ ወሬ ጀመረ፣ ቡናው ተቀዳ፣ ፈንዲሻው ዞረ። ያቺ ጥያቄ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም። ዜና ስሰማ ትመጣለች። ሌሊት ስነቃ ትመጣለች። ስለዚህ ልጻፋት።

## መጋቢት

የዜግነት ፈተናውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያኔ ከ100 ጥያቄ 10 ይወጣል፣ ስድስት የመለሰ ያልፋል። (ከ2025 ጥቅምት ወዲህ ላመለከተ 128 ሆኗል፤ ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ አለበት።) እማዬ ዕድሜዋ ከ55 በላይ ነው፣ በግሪን ካርድም 15 ዓመት ሞልቷታል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ነፃ ናት። ስለ አገሩ ታሪክና መንግሥት የሚጠየቀውን ግን በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ መመለስ ነበረባት።

እማዬ ማንበብ አትችልም። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል መቁጠር ጀምራ ነበር። እኔ ስወለድ ተወችው። ስለዚህ ጥያቄውንም መልሱንም በድምፄ ቀድቼ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። አምስት ወር ሙሉ ሊጥ ስታቦካ፣ ራይድ ኦን አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ የልጄን ፀጉር ስትሠራ የእኔን ድምፅ ትሰማለች። የተወካዮች ምክር ቤት 435። ሴኔት 100። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 27። እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን ስልኩን አቁማ ጠራችኝ። ማን መምረጥ እንደሚችል የሚናገሩ አራት ማሻሻያዎች አሉ፣ አንዱን ግለጪ የሚለው ነው። ከተፈቀዱት መልሶች አንዱ «ለመምረጥ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም» ይላል። «ይከፈልበት ነበር እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ ድሮ» አልኳትና ወደሚቀጥለው አለፍን። የምናጠናው ለፈተና ነው፣ ጊዜ የለንም። ያኔ ቆም ብዬ ነገሩን ባየው ኖሮ ጋሼን እውነትዎን ነው አልላቸውም ነበር።

መጋቢት ደረሰ። አስተርጓሚ ይዘን ሄድን። እዚህ ያደገ፣ ትሑት ልጅ ነው። አማርኛውም ደህና ነው። እኔ ውጭ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

የሆነውን ልጁ ነገረኝ። እኔ ለእማዬ ስቀዳ የደሴ ሴት የምትሰማውን ቃል ነበር የመረጥኩት። «መንግሥት ሦስት እጅ አለው፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይይዘዋል» ብዬ ነው ያስተማርኳት። ልጁ ግን ኦፊሰሯ የጠየቀችውን ቃል በቃል ተረጎመው፦ «አንደኛው የመንግሥት ቅርንጫፍ ከመጠን በላይ ኃይለኛ እንዳይሆን የሚያግደው ምንድን ነው?» ቅርንጫፍ ለእማዬ የዛፍ ነው፣ ቢበዛ የባንክ። ግራ ገባት። «መንግሥት» የሚለውንና «ኃይለኛ እንዳይሆን» የሚለውን ግን ሰማች። መንግሥትን ከኃይለኝነት የሚያግደው ማነው የተባለች መሰላት።

«እግዚአብሔር» ብላ መለሰች።

ኦፊሰሯ ጨዋ ነበረች። ደግማ ጠየቀቻት። እማዬም ደግማ ያንኑ አለች። ከዚያ በኋላ ተረበሸች። የምታውቀውም ጠፋት። አምስት ሳተች፣ አምስት የሳተ ደግሞ ያበቃለታል።

መኪና ውስጥ ጮህኩባት። ይህንን ስጽፍ ያመኛል። «መልሱ እኮ የሥልጣን ክፍፍል ነው እማዬ! መቶ ጊዜ ነው ያልነው!» አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ረጅም መንገድ ሄድን። ቤት ልንደርስ ስንል «ታዲያ የእኔስ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» አለችኝ።

ይህች ሴት ሦስት መንግሥት አይታለች። በቀይ ሽብር ጊዜ የጎረቤቷ ልጅ በሌሊት ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር እናቱን የደገፈች እሷ ናት። ያኔ አንዱ እጅ ሌላውን ሲይዝ አላየችም። የያዘው አልነበረም። እናቲቱ አጠገብ ቁጭ ብላ የጠራችው አንድ ስም ነበር፣ ኦፊሰሯ ፊት የጠራችውም ያንኑ ስም ነው። ሥልጣን ልጓም ሲያጣ ምን እንደሚሆን እኔ በንባብ ነው የማውቀው። እሷ ግን ኖራበታለች። ዝርዝሩ ውስጥ ለእኔ እውቀት ቦታ አለው፣ ለእሷ የለውም።

በግንቦት ተመለስን። ከዚያ በፊት ልጁን ቤት ጠርተን ምሳ አበላነውና ከእማዬ ጋር አለማመድነው። ቅርንጫፍ የሚለው ቃል ቀረ። እሷ ስድስቱን በተከታታይ መለሰች፣ ኦፊሰሩ ሰባተኛውን መጠየቅ አላስፈለገውም።

እንግዲህ በመጋቢትና በግንቦት መካከል የተለወጠው ይኸው ነው። አንድ ቃል።

## የተማረ ይግደለኝ

«እውነትዎን ነው ጋሼ» ያልኩት ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ያደግኩት «የተማረ ይግደለኝ» ሲባል እየሰማሁ ነው። የሚያሳዝነው ደጋግማ የምትለው እማዬ ራሷ መሆኗ ነው። እኔን ያስተማረችኝም በዚያ እምነት ነው። እንጀራ ሸጣ ዩኒቨርሲቲ አስገባችኝ። እኔም ተምሬ ስጨርስ ሳይታወቀኝ በአባባሉ ከሚገድሉት ወገን ተሰለፍኩ። ጋሼ ፈተና ሲሉ ራሴን በወንበሩ የትኛው ወገን እንዳየሁት አውቃለሁ። ፈታኝ ነበርኩ። የምትፈተነው ስኒ የምታለቀልቀው ሴት መሆኗ ትዝ አላለኝም።

ግንቦት 7 ቀን 1997ን አስታወስኩ። እማዬ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ሰልፉ ከምርጫ ጣቢያው አልፎ ዋናው መንገድ ደርሶ ነበር። ከፊቷ አስተማሪ፣ ከኋላዋ ቀን ሠራተኛ። ወረቀቱ ላይ ምልክት ነበረ። ንብ አለ፣ ሁለት ጣት አለ፣ ሌላም ሌላም። ያ ምልክት የተደረገው እኮ ለእማዬ ነው። ፊደል የማይለይ ሰውም ቢሆን ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል ተብሎ ታምኖ ነው። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት ነው የሚጠይቀው። ማንበብ ትችያለሽ ወይ አይልም።

ማታ ስትመጣ እግሯ አብጦ ነበር። ማንን መረጥሽ አልናት። «ምስጢር ነው ተብያለሁ» አለች። እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ያንን ዕድል ያበላሸው ፊደል ያልቆጠረው መራጭ አይደለም። እሱ ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት ተሰልፎ የድርሻውን አድርጓል። ወንበሩ ላይ የነበሩትም፣ ወንበሩን የፈለጉትም የተማሩ ነበሩ።

## ዥግራ ናት ይሏታል

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እማዬ «ይከፈልበት ነበር እንዴ?» ስትለኝ ያለፍኩትን ታሪክ ከዚያ ቡና በኋላ ተመልሼ አነበብኩት።

የጋሼ ሐሳብ ብቸኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቪቬክ ራማስዋሚ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ሰው ለመምረጥ ይህንኑ የእማዬን ፈተና ይለፍ ወይም አገሩን በአገልግሎት ይርዳ ብለው ነበር። ሐሳቡ ግን ከሳቸው በጣም ይቀድማል። በዚህ አገር ተሞክሯል፣ ለሰባ አምስት ዓመት ያህል።

ሚሲሲፒ በ1890 ሕገ መንግሥቷን ስትጽፍ፣ መራጭ ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል ያንብብ፣ ካልሆነም ሲነበብለት ያብራራ አለች። ላይ ላዩን ሲያዩት ምን ክፋት አለው? ማብራሪያው ልክ መሆኑን የሚወስነው ግን ነጩ መዝጋቢ ነው። ሉዊዚያና በ1898 ተከተለች። ድሃና ያልተማረ ነጭ እንዳይወድቅባት ደግሞ ቀዳዳ አበጀች። በ1867 መጀመሪያ መምረጥ ይችል የነበረ ሰው፣ ልጁና የልጅ ልጁ ከፈተናው ነፃ ናቸው ተባለ። በዚያን ጊዜ የጥቁር አያት መምረጥ አይችልም ነበር። በ1896 እዚያ 130 ሺህ የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ነበሩ። በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ዥግራ ናት ይሏታል። እነዚህ ደግሞ አላነበበም አሉት።

በዚህ ሁሉ ንባብ ውስጥ አንዲት ሴት እማዬን መሰለችኝ። ፋኒ ሉ ሄመር ትባላለች። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጥ ለቃሚ ነበረች። ጥቁር ሰው መምረጥ እንደሚችል የሰማችው 44 ዓመቷ ላይ ነው። ነሐሴ 1962 መጨረሻ ላይ ከሌሎች 17 ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ኢንዲያኖላ ወደምትባል ከተማ ሄደች። መዝጋቢው ከግዛቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ሰጣት። በሕግ ሳይጻፍ በተግባር ስለሚሠራ ሕግ የሚናገር ነው። ገልብጪው አላት፣ ገለበጠች። ተርጉሚው አላት፣ አልቻለችም። ስለዚያ ነገር የማውቀው ፈረስ ስለ ገና በዓል የሚያውቀውን ያህል ነበር ብላለች በኋላ። ወደቀች። በዚያኑ ምሽት 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች።

ተመልሳ ተፈተነች፣ ጥር 1963 ላይ ማለፏ ታወቀ። ይህን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ተነሣሁ። በነሐሴ ወድቃ በጥር አለፈች። በመሃል ምን ተለወጠባት?

ፈተናውን ካለፈች በኋላም ቢሆን መምረጥ አልቻለችም። የምርጫ ግብር የከፈለችበት ደረሰኝ አምጪ ተባለች። አዎ እማዬ፣ ይከፈልበት ነበር።

የመምረጥ መብት ሕጉ ነሐሴ 1965 ተፈረመና ያ ፈተና ደቡቡ ላይ ታገደ። በ1970 በመላ አገሪቱ፣ በ1975 ለዘለቄታው ተከለከለ። ሚሲሲፒ ውስጥ ከመቶ ጥቁሮች የተመዘገቡት ሰባት አይሞሉም ነበር። በ1967 ወደ ስድሳ ተጠጉ። በሁለት ዓመት ሁሉም ተምሮ አይደለም። በሩ ላይ የቆመው ሰው ስለተነሣ ነው። እኛንም ያስገባን የስደተኞች ሕግ የወጣው በዚያው በ1965፣ በዚያው ኮንግረስ ነው። እዚህ ቡና የምንጠጣው እነ ሄመር በከፈቱት በር ገብተን ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

## ለጋሼ የምለው

ጋሼ የሚያሳስባቸው ነገር እኔንም ያሳስበኛል። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ከሦስት አሜሪካውያን አንዱ ብቻ ይህንን ፈተና ሊያልፍ እንደሚችል አሳይቷል። ወሬ ቲክቶክ ላይ ሰምቶ ድምፁን የሚሰጥ ሰው አለ። ያስፈራል። ልጄ በትምህርት ቤቷ ይህን ሁሉ ጠንቅቃ እንድትማር እፈልጋለሁ። ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፣ እማዬ እንጀራ የሸጠችለት ነገር ነው።

ግን የወደቀው ሰው የት ይሄዳል? ግብሩ አይቀርለትም። ሕጉ አይምረውም። ልጁ ወደ ጦርነት ይላካል። እማዬ ከ«ቅርንጫፍ» በፊትም በኋላም ኪራይ ትከፍላለች። በ2023 የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት የብዙ ቆየት ያሉ ቤቶችን ኪራይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ፣ ከእኔ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። የትኛው ጎረቤት ስንት እንደተጨመረበት፣ ማን ለቅቆ እንደሄደ በስም ታውቃለች። እኔ ከቴሌቪዥን ነበር የሰማሁት። የምጣዱ እያለ የእንቅቡ ተንጣጣ እንዲሉ፣ ስለ ኪራይ የምናወራው እኛ ነን፣ የሚቃጠለው ሌላ ነው።

ጋሼ በኋላ ስልክ ደውዬላቸው ጥሩ ነገር አሉኝ። «ያ ዘረኛ መዝጋቢ ነው ጥፋቱ። ዛሬ በኮምፒዩተር፣ በየቋንቋው፣ ለሁሉም እኩል ይሁን።» ለብዙ ቀን መልስ አጣሁለት። ግን ኮምፒዩተሩ ጥያቄውን ከየት ያመጣዋል? ጥያቄውን እማዬ ብታወጣ፣ የአዛውንት ቤት ሠራተኛ በሰዓት ስንት ይከፈላታል ትላለች። እሑድ አውቶቡስ በስንት ደቂቃ ይመጣል ትላለች። ስንት ሴናተር ያልፍ ይሆን? የሚያወጡት ግን ሴናተሮቹ ናቸው። ወንበር ላይ ያለ ሰው ማን እንደሚመርጠው ራሱ ይወስን ማለት ነው። ያንን ደግሞ ከእኔም ከጋሼም በላይ እማዬ ታውቀዋለች።

## ሁለት ይበቃዋል

እማዬ ዜጋ በሆነችበት ዓመት፣ ጥቅምት መጨረሻ፣ ከምርጫው ቀን በፊት ድምፅ መስጠት ሲጀመር እማዬን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲቪክ ቢልዲንግ ሄድኩ። ነጠላዋን ለብሳለች። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ካልሆነ በቀር። ያ ሕግ በ1982 የተጨመረ ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴት ቅጽ ሰጠችኝ፣ ሞልቼ ፈረምኩ። እማዬን ፈተና የጠየቃት የለም።

ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ምርጫዋን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ነገረችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬ የመረጠችውን ሰማሁ። እሱን አልነግራችሁም፣ ምስጢር ነው ተብያለሁ። አንዱን ብቻ ጻፊው ብላ ፈቅዳልኛለች።

መጨረሻ አካባቢ የካውንቲው ጥያቄ መጣ። እንዴት እንደምለው ትንሽ አሰብኩ። መጋቢትን አልረሳሁም። «የካውንቲው አስተዳዳሪ እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መመረጥ ይችላል» አልኳት። «አሁን ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን ወይ ነው የሚሉሽ።»

«አንዱ ስንት ዓመት ነው?»

«አራት።»

በጣቷ ቆጠረች። አራት። ስምንት። አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለቱ ላይ ራሷን ነቀነቀች።

«ሁለት ይበቃዋል» አለች። «ሰው ወንበር ከለመደ አይነሣም።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «አምጪው እስክሪብቶውን። የቱ ጋ ነው?»

ክቧን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ከመስመሩ ሳትወጣ ቀስ እያለች አጠቆረችው።